ቋጠሮ የሌለው ካልሲ

እህቴ ሳህሊቱ ከቤት የወጣችው እኔ በሌለሁበት ነው። እናቴ በማለዳ ወንፊት ተዋሺ ብላ ጎረቤት ላከችኝ፤ ጎረቤታችን ደግሞ ወንፊቱን ከመስጠት ይልቅ በቆሎ እየጠበሰች፣ የማይረባ ወሬ እየጠየቀች ይዛኝ ቆየች። ስመለስ እናቴ ከጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ እሳት አንድዳ ቆማለች። የሚነደው የሳህሊቱ ሰሌን ነበር። አብረውት መከዳዋና ውሃ የምትጠጣበት ቅል ይነዳሉ።

«ሳህሊቱስ?» አልኳት።

«ሄደች» አለች፣ ከጭሱ ፊቷን አዙራ።

«ወዴት?»

«ወደ ቤቷ።»

በእኛ ሰፈር «ወደ ቤቷ ሄደች» የሚባለው ላገባች ሴት ነው። ስለዚህ ገባኝ። እህቴ ተድራለች፤ ድግስ ሳይደገስ፣ መዝሙር ሳይዘመር፣ ለእኔም አዲስ ቀሚስ ሳይሰፋልኝ። ንዴቴ እንባዬን ቀደመው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት ነው። ሶዶ ያኔ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ የሚያይባት ከተማ ነበረች። አባቴ ኤርካሎ በጸሎት ቤታችን ትምህርት ቤት ልጆችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። እኔ ትርፌ እባላለሁ፤ ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና አልበቀሉም።

ለነገሩ የሳህሊቱ ማግባት ድንገተኛ አልሆነብኝም። ከዓመት በፊት ጀምሮ ምልክቱን አይቼ ነበር። ቅንድቧ እየሳሳ ሄዶ ከጫፉ ጠፋ፤ ለማማር ብላ የነቀለችው መሰለኝ። ቤት ውስጥ እንኳ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ትከናነብ ጀመር፤ ይህም የሙሽራ ዓይን አፋርነት መሰለኝ። አንድ ቀን ደግሞ ጎደሬ የሚፈላበትን ድስት ያለ ጨርቅ፣ በባዶ እጇ ከእሳት አነሳችው። ፊቷ አልተለወጠም። እኔ በኩራት ለጓደኞቼ ነገርኩ፤ የእኔ እህት እሳት አይፈጃትም አልኳቸው። እናቴ ግን የሳህሊቱን መዳፍ ገልብጣ አይታ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጎደሬው እስኪበርድ ድረስ አልተነሳችም።

ባሏ ማን እንደሆነ ያወቅሁት ደግሞ በራሴ ጆሮ ነው።

የእናቴ ወዳጅ እትዬ አረጋሽ የልብስ ሰፊው የጋሽ ኪዳነወልድ ሚስት ነበረች። ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ከፍተዋል። እትዬ አረጋሽ ወላይትኛውን እንደኛው ታቀላጥፈዋለች፤ እሷና እናቴ ወደ አማርኛ የሚዞሩት ልጅ እንዲሰማ የማይፈልጉት ነገር ሲኖር ነው። በቤታችን አማርኛ አይነገርም፤ እኔ የማውቀው ከገበያና ከመንገድ የለቃቀምኩትን ነበር። ሳህሊቱ በሄደች ሰሞን አንድ ቀን ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ደዌ ከያዛት ቆይቷል ማለት ነው?» አለች እትዬ አረጋሽ።

«ማን ያውቃል። እኛ ያወቅነው ዘንድሮ ነው። ደብቆን ነው የኖረው» አለች እናቴ። እናቴ አማርኛ ስትናገር «እሱ»ና «እሷ» ይቀላቀሉባታል።

«ሥጋ ደዌ እንዲህ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገባ።»

ግድግዳው ላይ እንደተለጠፍኩ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። በእኛ ቋንቋ ወንድ ሚስት ሲያገባ «ወሰዳት» ነው የሚባለው፤ መውሰድና መያዝ ደግሞ ለእኔ አንድ ነበሩ። ሰውየው ደዌ ይባላል። «ሥጋ» የተባለው ሥጋ ሻጭ ቢሆን ነው። ቀስ ብሎ፣ እኛ ሳናይ፣ ቤታችን ይገባ ነበር። እህቴንም ይዟት ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ደዌን በዓይነ ሕሊናዬ እየሳልኩት መቀመጥ አቃተኝ። ትልቅ፣ ደረቱ ሰፊ፣ በትከሻው የበሬ ጭን የተሸከመ ሰው ነበር። በራችን በተንኳኳ ቁጥር እሱ እየመሰለኝ እነሳለሁ። ገበያ ስወርድ ሥጋ የሚሸጥበትን ቦታ እየዞርኩ አያለሁ። እናቴም የባሰባት ሆነች፤ የጠረገችውን ቤት መልሳ ትጠርጋለች፣ ያጠበችውን ቅል መልሳ ታጥባለች። አባቴ «የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ» እያለ በሻሸመኔ መንገድ በጭነት መኪና ሄዶ፣ ቀናት ቆይቶ፣ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የሄደበትን ሲጠይቁት ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

ከአንዱ ጉዞው ሲመለስ ሁለት የልክ ገመድ ይዞ መጣ። በማግስቱ እናቴ ገመዶቹንና የአባቴን አሮጌ አመድማ ሹራብ ይዛ፣ እኔንም አስከትላ እትዬ አረጋሽ ዘንድ ሄደች።

«ክሩን ተርትረን ካልሲ እንሥራለት። ኮፍያም» አለች በአማርኛ።

እትዬ አረጋሽ ገመዶቹን በእጇ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺም ትማሪያለሽ። እናትሽ ዓይኗ ይደክማል» አለችኝ። የእናቴ ዓይን ደህና ነበር። ስትሠራ ስለምታለቅስና ክሩን ስለምታሳስት መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ሹራቡን ከእጅጌው ጀምሬ ተረተርኩት። ክሩ እየተጠማዘዘ ወጣ፣ አጠብነው፣ ድንጋይ አንጠልጥለን አቃናነው፣ ጠቀለልነው። ጋሽ ኪዳነወልድ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ መርፌ ሠራልኝ፤ ጫፉን በሞረድ አሹሎ በሻማ ወለወለው። የሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ የስፌት መኪናው ከመጋረጃው ወዲያ እየተርገበገበ፣ ቀለበት ከቀለበት ማሾለክ ተማርኩ። መጀመሪያ ቀለበቶቹ እንደ ጎደሎ ጥርስ ክፍት ክፍት አሉብኝ። ከዚያ ደግሞ ክሩን እንቅ አድርጌ ይዤ መርፌው አልገባ አለ። እግሬ ያሳክከኛል፣ ጀርባዬ ያሳክከኛል፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ማየት እፈልጋለሁ።

«ቂጥሽ መሬት አይችልም እንዴ?» ትለኛለች እትዬ አረጋሽ። «ተቀመጪና ላላ አድርገሽ ሥሪ። ይኼ ካልሲ መጥበቅ የለበትም።»

ክሩ ሲያልቅ ከሌላው ጋር ቋጥሬ ልቀጥል ስል እጄን ያዘችው።

«ቋጠሮ አይኑርበት። ሁለቱን ጫፍ አብረሽ እየያዝሽ ሥሪው።»

«ትንሽ ቋጠሮ ናት። አትታይም።»

«እግር ያያታል» አለችኝ።

እግር ምን ዓይን አለው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ለደዌ መሆኑን ግን አልተጠራጠርኩም። ካልሲው እንደ ከረጢት ሰፊ ነበር፤ ሁለቱ እጆቼ አንድ ላይ ገብተውበት ይተርፋል። እንዲህ ያለ እግር ያለው እሱ ብቻ ነው። አንደኛው ገመድ ከሌላው በጣም ማጠሩ ግን ግራ ገባኝ።

«አባባ ሲለካ ተሳስቷል» አልኩ።

«ገመዱ ልክ ነው» አለች እናቴ፣ ከአንገቷ ቀና ሳትል። «እንደ ገመዱ ሥሪ።»

አንካሳም ነው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ኮፍያው ግን ለእሱ አይሆንም አልኩ። ኮፍያውን ለሳህሊቱ ነው የምሠራው ብዬ ድርቅ አልኩ። እናቴና እትዬ አረጋሽ ተያዩ። «ለእሷው ይሁን» አለች እናቴ፤ «ብቻ እስከ ዓይኗ የሚወርድ አድርጊው፤ ግንባሯን እንዲሸፍንላት።» እኔም ሠራሁ። ተርትሬ እንደገና ሠራሁ። እንደዚያ አስከፊ ኮፍያ ከዚያ በኋላ ሠርቼ አላውቅም፤ ኩራቴ ግን ከዳሞታ ተራራ በላይ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ኮፍያውን በጉልበቴ ዘርግቼ እንደተቀመጥኩ ወይዘሮ ጣፈጠች ቀሚስ ልታሰፋ ሱቁ ገባች። ወይዘሮ ጣፈጠች የአውራጃ ጸሐፊ ሚስት ናት፤ የሶዶን ወሬ ከስልክ ቀድማ የምታዳርስ። መጋረጃውን ገልጣ አየችኝ።

«ምን ጎበዝ ልጅ ናት። ለማን ነው የምትሠሪው?»

«ለእህቴ» አልኳት በአማርኛ። ቋንቋውን እንደማውቅ ላሳያት ፈለግሁ።

«ሳህሊቱ የት ናት? ከጠፋች ሰነበተች።»

«እህቴን ደዌ ይዟት ሄደ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

የስፌት መኪናው ቆመ። እትዬ አረጋሽ እጇ ላይ ያለውን ክር ለቀቀችው። ወይዘሮ ጣፈጠች መጋረጃውን እንደያዘች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ቀሚሷንም በሌላው እጇ ሰበሰበች። ያን አሰባሰቧን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያኔ ግን የደዌን ስም ስለሰማች የፈራች መሰለኝ፤ የታወቀ ሰው ነው ማለት ነው አልኩ።

ጋሽ ኪዳነወልድ ሳቀ። እግሩን መርገጫው ላይ መልሶ መኪናውን አስነሳ።

«ደዌ የሚባል ሰው አግብታ ነው እኮ፣ ወይዘሮ ጣፈጠች። የዲምቱ ሰው ነው፤ ሥጋ ይነግዳል። የወላይታ ስም ለእኔም አልያዝ እያለኝ ተቸግሬያለሁ።»

ወይዘሮ ጣፈጠች ተነፈሰች። «በድንጋጤ ልትገድለኝ ነበር። እንዲያው ደግሞ ስም ጠፍቶ ነው?» አለች፣ ቀሚሷንም ለቀቀችው። እኔ ደግሞ የሰውየው አገር ዲምቱ መሆኑን በማወቄ ተደሰትኩ። ሥጋ ሻጭነቱንስ ልክ አግኝቼ አልነበር?

ጋሽ ኪዳነወልድ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው ብዬ ብዙ ዓመት ጠይቄያለሁ። እትዬ አረጋሽ ናት በኋላ የነገረችኝ፦ ጓዳ ውስጥ እየሠራሁ ደዌን በቃሌ ስሰድበው፣ ሥጋ ሻጭ፣ አንካሳ እያልኩ ስራገም ሰምተው ኖሮ፣ ለመሳቅም ለማልቀስም ሳይሆንላቸው ተያይተው ትተውኝ ነበር።

በማግስቱ ሶዶ ሁሉ ሳህሊቱ ማግባቷን ሰማ። ሴቶች ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው እየያዙ መጡ። ለምን ደበቃችሁን፣ ለምን ሳትጠሩን ብለው ተቆጡ፣ ሳቁ፣ መረቁ። ወይዘሮ ጣፈጠች በገዛ እጇ በእናቴ አናት ላይ ቅቤ አኖረችላት። እናቴ በርጩማዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ቅቤው እየቀለጠ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል፤ ከዓይኗም ይወርዳል። ለእኔ ሁሉም ቅቤ ነበር።

አባቴ ያን ጊዜ በመንገድ ላይ ነበር። ሲመለስ እናቴ በጆሮው ነገረችው፤ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ጋሽ ኪዳነወልድ ሱቅ ሄደ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለተኛውን ካልሲ፣ አጭሩን፣ እየጨረስኩ ነበር።

«ለደግ እንዳደረግኸው አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ግን እኔ ልጆች ፊት ቆሜ አትዋሹ የምል ሰው ነኝ።»

«ኤርካሎ፣ አንተ ምን ዋሸህ? እኔ ነኝ የዋሸሁት። እውነቱን ከተናገርክ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤትህ ያወጣሉ። ይህችን ትንሿንስ ነገ ማን ያገባታል?»

አባቴ መቀመጫ ቢሰጡትም አልተቀመጠም፤ ከበሩ እስከ ስፌት መኪናው፣ ከስፌት መኪናው እስከ በሩ ተመላለሰ።

«ሳህሊቱ ስለ ባሏ ጠየቀችኝ» አለ በመጨረሻ። «አንድ የእኛ አገር ሰው እዚያ ሄዶ ኖሮ፣ ሶዶ ላይ አግብታለች ይሉሻል ብሏት ነው። አባባ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ፣ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሳህሊቱ ሠራችሁልኝ አለችኝ።»

ጋሽ ኪዳነወልድ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የሰማሁትን ሁሉ በራሴ መንገድ ተረዳሁት፦ ደዌ እህቴን ክዷታል። አላገባኋትም ብሏል። ሽቦው እስኪጎብጥ ድረስ ክሩን አጠበቅሁት፤ እትዬ አረጋሽም ዙሩን ሁሉ አስተረተረችኝ።

እሑድ ጸሎት ቤት ሞልቶ ነበር። መዝሙሩ እንዳለቀ አባቴ ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ ጠይቆ ተነሳ። በወላይትኛ ተናገረ። እሱ ሲያስተምር ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ያን ቀን ግን ወፍራም ሆነብኝ።

«ስለ ልጄ ስለ ሳህሊቱ መልካም ምኞት አምጥታችሁልናል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ልጄ ግን አላገባችም። ታማለች።»

ከዚያ የበሽታውን ስም በገዛ ቋንቋችን ጠራው።

ያን ቃል አውቀው ነበር። በእኛ ሰፈር የሚያውቀው ትንሽ ትልቅ የለም። ገበያ ዳር ጣቶቻቸው ያለቁ ለማኞች ሲመጡ፣ እኛ ልጆች ያንን ቃል ጮኸን ነበር የምንሮጠው። አሁን አባቴ ከሳህሊቱ ስም አጠገብ አስቀመጠው፣ ቀጠለም፤ የሕክምና መንደር ውስጥ እንዳለች፣ ክኒን እንደጀመረች፣ ሐኪሞቹ ይድናል እንዳሉ ተናገረ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም። ድስቱ፣ ቅንድቡ፣ የተቃጠለው ሰሌን፣ አጭሩ ገመድ፣ እያንዳንዱ እየተነሳ መጣብኝ። የዲምቱ ሥጋ ሻጭ ከነሰፊ ደረቱ ጠፋ። ወራት ሙሉ የጠላሁት ሰው ነበር፤ ከእሱ ጋር ልጣላ፣ ልነክሰው፣ ድንጋይ ልወረውርበት እችል ነበር። አሁን የምጣላው አጣሁ። አለቀስኩ፤ እናቴ አፌን በነጠላዋ ሸፈነችው።

አባቴ ሲቀመጥ ከፊታችን ያሉት ሰዎች ጠጋ ጠጋ አሉ፣ ከእኛ ራቅ ብለው። ከአዳራሹ ኋላ፣ እትዬ አረጋሽ ተነስታ መጣች። እሷ የእኛ ጸሎት ቤት ሰው አልነበረችም፤ ኦርቶዶክስ ናት፤ ያን ቀን ለምን እንደመጣች ማንም አልጠየቃትም። ከእናቴ አጠገብ ተጠግታ ተቀመጠች።

ጋሽ ኪዳነወልድ የፈራው አልቀረም። ግማሹ ወላጅ ልጁን ከአባቴ ትምህርት ቤት አወጣ፤ የተወሰኑት ከክረምት በኋላ መለሱ። ወይዘሮ ጣፈጠች መንገድ ትሻገርብን ጀመር። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ የሚሄድበትን ሲጠይቁት ይመልስ ነበር፤ እናቴም ቤቱን በቀን አንዴ ብቻ መጥረግ ጀመረች።

ካልሲውና ኮፍያው እንዳለቁ ሦስታችንም በጭነት መኪና ሄድን። መንደሩ ንጹሕ ነበር፤ ነጭ የተቀቡ ቤቶች፣ የበቆሎ ማሳ፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጡ ሴቶች። ሳህሊቱ ከመካከላቸው ተነስታ መጣች። አልሮጥኩላትም። እሷም እንድሮጥ አልጠበቀችም፤ ትንሽ ርቃ ቆማ «አድገሻል» አለችኝ።

አባቴ ተንበርክኮ በፋሻ በተጠቀለሉት እግሮቿ ላይ ካልሲዎቹን አጠለቀላት። ሰፊው ልኳ ነበር። አጭሩም ልኳ ነበር፤ የዚያኛውን እግር ጣቶች ቁስል በልቷቸዋል። እጇን ካልሲው ውስጥ አስገብታ ከወዲያ ወዲህ ዳሰሰች፤ ኋላ ጣቶቿ እንደማይነግሯት ትዝ ሲላት አውልቃ፣ ገልብጣ፣ በዓይኗ ፈለገች። የማይሰማ እግር በትንሽ ቋጠሮ እንኳ ሳያውቀው እንደሚቆስል የነገረችኝ ያኔ ነው።

«ቋጠሮ የለውም» አለች። «ማን ሠራው?»

«እኔ። ለባልሽ ነበር የሠራሁት» አልኳት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ። ከዚያ የደዌን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እናቴ ልታስቆመኝ ሞከረች፤ ሳህሊቱ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፀሐይ ላይ ወዳሉት ሴቶች ዞራ በአማርኛ አወራችላቸው። አንዲት አሮጊት እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣

«እንግዲያው ሁላችንም ጣውንቶች ነና» አለች፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። አባቴ ሲስቅ ያየሁት በዚያ ዓመት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሳህሊቱ አስተምሪኝ አለችኝ። ሽቦዎቹን ሰጠኋት፤ ቀለበቶቹን ጀመርኩላት። እኔ በጣቴ የማደርገውን እሷ በዓይኗ ነበር የምታደርገው። ሽቦው ወዴት እንደሚገባ፣ ቀለበቱን ወይስ ሥጋዋን እንደሚወጋ የሚነግራት ሌላ ነገር የላትም። ቢሆንም እኔ ወራት የፈጀብኝን እሷ በዚያ ከሰዓት ያዘችው። ከዓመታት በኋላ ክኒኑ አድኗት እንኳ ወደ ሶዶ አልተመለሰችም፤ እዚያው መንደር ጎጆ ቀልሳ፣ ለጨቅላም ለሽማግሌም ኮፍያ ስትሠራ ኖረች።

መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ ተሰናበትናት። መኪናው ላይ ወጥቼ እጄን አወዛወዝኩላት። ሳህሊቱ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ፣ ራሷን ደፍታ ትሠራለች። ጠራኋት። እንደገና ጠራኋት። ቀና አላለችም። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችንም፤ እኔም እስከ ሻሸመኔ ድረስ አኩርፌ ሄድኩ።

ዓይኗን ከሽቦው ብታነሳ እጇን እንደምትወጋ ያሰብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ካደግሁ ወዲያ ደግሞ ራሷን ጠየቅኋት፤ እጅሽን ፈርተሽ ነበር አይደል ቀና ያላልሽው አልኳት። ሳህሊቱ የያዘችውን ዙር ጨረሰች፣ ሽቦዎቹን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ሽቦውንማ ባስቀምጠው ይቀመጥ ነበር፤ የማይቆመው መኪናው ነበር» አለችኝ።